ቁልቁለት ላይ የሚላላ የቦርሳ ማንገቻ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን፣ በዕረፍት ቀናት ከጓደኞቼ ጋር ታቦርንና አላሙራን እወጣለሁ። የጀርባ ቦርሳዬን ማንገቻዎች አጥብቄ ብነሳም የግራው እየላላ ቦርሳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብሳል። ብቋጥረው ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ አለኝ። አዲስ ቦርሳ ከመግዛት በቀር መላ የለውም?

መልስ፦ መላ አለው፤ የሚላላው አንዱ ማንገቻ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቦርሳውን መጣል ፈጽሞ አያስፈልግም። ማንገቻውን የሚይዘው ዘለበቱ ነው። ጠፍጣፋው ገመድ በዘለበቱ መካከለኛ ዘንግ ላይ ስለሚታጠፍ፣ ሸክም ሲጎትተው ከፕላስቲኩ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ይቆማል፤ ጠርዙ ቀና ሲል ግን ይለቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ የግራውን ከቀኙ ጋር ያስተያዩና ገመዱ በተመሳሳይ መንገድ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ለማጠብ ወጥቶ የነበረ ገመድ ሲመለስ ተገልብጦ ሊገባ ይችላል።

አገባቡ ትክክል ከሆነ ጥፍርዎን በዘለበቱ ጠርዝ ላይ ያሂዱ። ጠርዙ ለስልሶ፣ ገመዱ በሚያልፍበት በኩል ተቦርቡሮ ወይም ዘንጉ ተሰንጥቆ ካገኙት በማጣበቂያ ለማዳን አይድከሙ፤ ይቀየር። እኔ ለዚህ ሥራ ጫማ ሰፊን እመርጣለሁ፤ በወፍራም የናይለን ክር ስለሚሰፋ ስፌቱ ሸክም ይችላል። አዲሱን ዘለበት ሲገዙ ቦርሳውን ይዘው ይሂዱ፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ገመድ ለ25 ሚሊ ሜትር በተሠራ ዘለበት ውስጥ ከገባ ወደ ጎን እየሸሸ መንሸራተቱ አይቀርም።

ዘለበቱ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ላብና አቧራ የጠገበ ከሆነ በለብታ ውሃና በሳሙና አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁት፤ ሳስቶ ያለቀ ከሆነ ግን እሱም ይቀየር።

ጥገናውን ተራራ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ይፈትኑት። ባለ 2 ሊትር ውሃ አራት ሃይላንድ ቢከቱበት 8 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ገመዱ ከዘለበቱ በሚወጣበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉና ደረጃ ይውጡ፣ ይውረዱ። ምልክቱ ወደ ዘለበቱ ከገባ ገና አልያዘም ማለት ነው።

መንገድ ላይ ከላላብዎት፣ የተረፈውን ጫፍ እንደ ጫማ ክር እጥፍ አድርገው ልክ ከዘለበቱ ሥር ይቋጥሩት፤ እንዲህ የታሰረ ቋጠሮ ጫፉ ሲሳብ ስለሚፈታ አያስቸግርዎትም። ቁልቁለት ላይ የሚብሰው እያንዳንዱ እርምጃ ሸክሙን ስለሚያናጋው ነው፤ ቦርሳዎ የወገብ ቀበቶ ካለው ከመውረድዎ በፊት እሱን ዳሌዎ ላይ አጥብቀው፣ ማንገቻዎቹን ከዚያ በኋላ ይሳቡ።