መልስ፦ ፓዲያ ለምን ታሰረ? ደራስያኑስ በምን ተለያዩ?

ሰላም፣ «ኩባዊው ገጣሚ ኤርቤርቶ ፓዲያ የታሰረው በአንድ መጽሐፍ ነው ወይ? ደራስያኑ ኮሎምቢያዊው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬስና ፔሩዊው ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ የተጣሉትስ በሱ ነው?» ላልከው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦

መጽሐፉ መነሻ ነው። የኩባ መሪ ፊደል ካስትሮ በ1961 ለምሁራን ሲናገር በአብዮቱ ውስጥ ሁሉም ይፈቀዳል፣ አብዮቱን የሚቃወም ግን ምንም አይፈቀድም አለ። የትኛው ግጥም ተቃዋሚ እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ መንግሥት ራሱ ነው። በ1968 የፓዲያ «ከጨዋታ ውጪ» የተሰኘ የግጥም መጽሐፍ የኩባን የደራስያን ማኅበር ሽልማት አገኘ። ማኅበሩ መጽሐፉን አልከለከለም፤ አሳትሞት እዚያው ውስጥ የሚያወግዘውን መግለጫ አስገባበት! አንባቢው ግጥሙንና ክሱን በአንድ ጥራዝ ገዛ ማለት ነው።

ፓዲያ መጋቢት 1971 ታሰረ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ተለቅቆ ማኅበሩ ውስጥ በባልደረቦቹ ፊት ራሱን ኮነነ፤ ሚስቱንና ወዳጆቹን ሳይቀር በስም ጠርቶ ወነጀለ። እኔን ከእስሩ ይልቅ የሚያመኝ ይሄ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የውጭ ምሁራን ስለ ፓዲያ ለካስትሮ የጻፏቸውን ሁለቱን የተቃውሞ ደብዳቤዎች ሲያምታታ ነው። የሚያዝያው ጨዋ ጥያቄ ነበር፤ የማርኬስን ስም ያስገባው እሱ ራሱ ሳይሆን ወዳጁ ነው። ከኑዛዜው በኋላ የወጣው የግንቦቱ ግን ቁጣ ነው፤ ቫርጋስ ዮሳ ፈረመ፣ ማርኬስና አርጀንቲናዊው ደራሲ ኮርታሳር አልፈረሙም። ቫርጋስ ዮሳ በ1976 ማርኬስን የመታበትን ቡጢ ግን ከዚህ ጋር አታያይዘው፤ ከደብዳቤዎቹ በኋላም ሁለቱ ባርሴሎና ውስጥ ጎረቤታሞች ነበሩ።

ኑዛዜው በፊልም ተቀርጿል፤ በ2022 በወጣው የፓቬል ጂሩድ ዘጋቢ ፊልም ላይ ታገኘዋለህ።