ጅብ መጋቢዋ ወደ ፍልሚያ መድረክ ስትገባ፦ ጥያቄና መልስ

አንዲት የሐረር ወጣት እየሠራችው ስላለው የአድቬንቸር ጌም በቅርቡ ጽፋልኛለች። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በጀጎል የምትኖር ጅብ መጋቢ ስትሆን፣ ሌሊት ፋኖስ፣ ረጅም በትርና ሥጋ የያዘ ዘንቢል ይዛ በአምስቱ በሮች እየወጣች የጠፉ ሰዎችን ትፈልጋለች። አሁን ወጣቷ ይህችኑ ጀግና ሁለት ሰዎች በሚጋጠሙበት የፍልሚያ ጌም ውስጥ ልታስገባት ትፈልጋለች። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ የማገኛቸው ተጫዋቾችም ነገሩን ሰምተው የየራሳቸውን ጥያቄ ስላመጡ፣ ሁሉንም በአንድነት እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጀግናዬ በአድቬንቸሩ ውስጥ ከሃያ በላይ ችሎታዎች አሏት። የትኞቹን ልውሰድ?

መልስ፦ እህቴ፣ በአድቬንቸር ጌም ውስጥ መሣሪያ የሚከፍተው በር ወይም የሚያሻግረው ገደል አለ፤ በሩም ገደሉም መልስ አይሰጡም። በፍልሚያ ግን ከፊትሽ የሚያስብ ሰው ተቀምጧል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ችሎታ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ተጋጣሚውን ምን እንዲያደርግ ያስገድደዋል? እርሱስ በምን ያመልጣል? ለሁለተኛው መልስ የሌለው ችሎታ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጨዋታውን ይገድለዋልና ተዪው። በትሩ ተጋጣሚን ያርቃል፣ ፋኖሱ ያስጠነቅቃል፣ ሥጋው ጅቡ የሚመጣበትን ቦታ ይወስናል። እነዚህ ሦስቱ ይበቁሻል። እኔ በመጀመሪያ የነደፍሁት ገጸ ባሕርይ 43 ምቶች ነበሩት፤ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ወስጄ ለልጆች ስሰጣቸው ግን ቀኑን ሙሉ የተጠቀሙት በሁለቱ ብቻ ነበር። የቀሩት 41 ምቶች ሁለቱ የሚሠሩትን ሥራ በዝግታ የሚደግሙ እንደ ነበሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆንሽ የዜልዳ ጌሞች ጀግና ሊንክ ነው። ይህ የአድቬንቸር ጀግና እ.ኤ.አ. በ2003 ጌምኪዩብ ለተባለው የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ በወጣው ሶልካሊበር 2 የተሰኘ የፍልሚያ ጌም ውስጥ ሲገባ ቦምቡን፣ ቀስቱንና ቡሜራንጉን ይዞ መጥቷል፤ ነገር ግን የፍልሚያው መሠረት ሰይፉና ጋሻው ሆነው ቀርተዋል። ዕቃዎቹ ሰይፉ የማይደርስበትን ርቀት ስለሚሸፍኑ ነው ቦታ ያገኙት።

ጥያቄ፦ ፍሬም ሲባል እሰማለሁ። ስሌቱን ሳላውቅ ምት መንደፍ አልችልም ማለት ነው?

መልስ፦ መጀመር ትችላለህ፣ መጨረስ ግን አትችልም። ፍሬም በስክሪኑ ላይ ተከታትለው ከሚታዩት ምስሎች አንዱ ነው። አብዛኛው የፍልሚያ ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም ይሠራል፤ አንዱ ፍሬም ከሰከንድ 1/60ኛ መሆኑ ነው። ማንኛውም ምት ሦስት ዕድሜ አለው፦ መነሻው፣ የሚመታበት ቅጽበትና እጅ ወደ ቦታው እስኪመለስ ያለው ጊዜ። የጅብ መጋቢዋ በትር በ11 ፍሬም ይነሣል፣ ለ3 ፍሬም ይመታል፣ ለመመለስ 20 ፍሬም ይፈጃል እንበል። በትሩ በመጀመሪያው የመምቻ ፍሬም ላይ ተጋጣሚውን ቢያገኘውና እርሱም ቢከላከለው፣ ለእርሷ ገና 22 ፍሬም ይቀራታል። ተከላካዩ ምቱን ከተከላከለ በኋላ ለ14 ፍሬም ብቻ ከመንቀሳቀስ የሚታገድ ከሆነ፣ 8 ፍሬም ቀድሟት ነጻ ይሆናል። አጠገቧ ቆሞ ቢሆን በ6 ፍሬም የሚነሣ አጭር ቡጢ ሰንዝሮ ይቀጣታል፤ በበትሩ ጫፍ ርቀት ላይ ከሆነ ግን ቡጢው አይደርስም። እንግዲህ ያው አንድ ምት በርቀቱ ብቻ አንዴ ስሕተት፣ አንዴ ብልሃት ይሆናል፤ ተጫዋቹም ርቀቱን መጠበቅ ይማራል።

የሰው ዐይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ 15 ፍሬም ገደማ እንደሚያልፍም አትርሳ። ተጋጣሚው አይቶ እንዲከላከለው የምትፈልገውን ከባድ ምት ከ20 ፍሬም በታች አታስነሣው።

ጥያቄ፦ ጅቡ ራሱን ችሎ ይዋጋ ወይስ እርሷ ትዘዘው?

መልስ፦ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን አብልጬ ወድጄዋለሁ። ከሐረር ግንብ ውጭ በማታ ጅብ ሲመገብ ያየ ሰው፣ መጋቢው በስም እየጠራ ሥጋውን በአጭር እንጨት ሲያቀርብ፣ ጅቡም ወዲያው ሳይደርስ ዙሪያውን ቃኝቶ ሲጠጋ ያስታውሳል። ይህ ጠባይ እንዳለ ወደ ምቱ ይግባ። በመጀመሪያ ሥጋ ትጥላለች፤ ጅቡ የሚመጣው ሥጋው ወደ ወደቀበት ብቻ ነው። ቀጥሎ ትጠራዋለች፤ ከጥሪው እስከ ንክሻው 45 ፍሬም ያህል ይለፍ። በዚያ መካከል ከመድረኩ ጠርዝ የጅቡ ዐይኖች በፋኖሱ ብርሃን ያብለጭልጩ፤ ተጋጣሚው ዐይኖቹን አይቶ መሸሽ፣ መዝለል ወይም ፈጥኖ እርሷን መምታት ይችላል። ጥሪው ሳያልቅ ከተመታች ጅቡ አይመጣም፣ ሥጋውም ይባክናል። በአንድ ዙር ከሦስት ቁራጭ በላይ አትስጧት።

ራሱን ችሎ የሚዋጋ ጅብን ግን አልደግፍም፤ የተጫዋቹን ውሳኔ ይነጥቀዋል። ለሥዕሉ የምትጨነቁ ደግሞ የጅብ ትከሻ ከወገቡ ከፍ ማለቱን ጠብቁ፤ እንደ ውሻ ቀጥ ብሎ ከሮጠ የአገሬው ሰው አያምነውም።

ጥያቄ፦ በአድቬንቸሩ ቁስሏን ታክማለች። እዚህስ?

መልስ፦ አይሆንም። ቁስል ማከም ከተፈቀደ የሚሸሽ ተጫዋች ይሸለማል፣ ፍልሚያውም ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ኮምቦዎቿን (በተከታታይ የሚቀጣጠሉ ምቶቿን) አስቀድሜ ልጻፋቸው ወይስ ተጫዋቾች ያግኟቸው?

መልስ፦ ሁለት ወይም ሦስት ቀላል መንገድ አዘጋጅተህ የቀረውን ክፍት ተወው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ውስጥ ኮምቦ በመጀመሪያ የታቀደ ነገር አልነበረም፤ ምቶቹ እንዲቀጣጠሉ የሚፈቅድ የጊዜ ክፍተት መኖሩን ሠሪዎቹ በሥራ ላይ ሳሉ አስተውለው እንዲቆይ ፈቀዱለት። ለዚህች ጀግና የምመክረው መንገድ በበትር ገፍቶ፣ ሥጋው ወደ ወደቀበት አድርሶ፣ ጅቡን መጥራት ነው። ተጋጣሚውን ያለ ጅቡ ስትመታው ጉዳቱ ዝቅተኛ ይሁን፤ ድክመቷ ይኸው ነውና በሌላ ነገር አትሸፍኑላት።

ጥያቄ፦ መድረኩ የጀጎል ጠባብ መንገድ ቢሆንስ?

መልስ፦ ያምራል፣ ነገር ግን ሜዳው ሲጠብ ረጅም በትር ላለው ሰው ያደላል። ግድግዳዎቹን በሥዕል አቅርቧቸው፣ የሜዳውን ስፋት ግን ከሌሎቹ መድረኮች ጋር እኩል አድርጉት።

ጥያቄ፦ ኮዱን ሳልጽፍ ልፈትናት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። ወለል ላይ በጠመኔ መስመር አስምሪና በአሥር እኩል ቦታ ክፈይው። በትሩ ሦስት ቦታ፣ ቡጢው አንድ ቦታ ይደርሳል በዪ። ከወንድምሽ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር እያንዳንዳችሁ የምትመርጡትን ምት በወረቀት ደብቃችሁ ጽፋችሁ በአንድ ጊዜ ግለጡት። ሃያ ዙር ከተጫወታችሁ በኋላ ወረቀቶቹን ቍጠሪ፤ አንድ ምት ከግማሽ በላይ ከተመረጠ ወይ በጣም ይጠነክራል ወይ ሌሎቹ ጥቅም የላቸውም፤ አንድም ጊዜ ያልተመረጠው ደግሞ ከመሠራቱ በፊት ይውጣ።