አርጅቶ ያስቸገረ የናፍጣ ቦይለርን በማገዶ ቦይለር ስለመተካት

ደሴ ለሚገኘው የእንግዳ ማረፊያዎ ሙቅ ውኃ የሚሰጠው የናፍጣ ቦይለር ስላረጀ፣ በማገዶ በሚሠራ ቦይለር ቢተኩት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ይሻላል፤ ሆኖም ማሽኑን ከመምረጥዎ በፊት ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ማገዶ የሚያገኙበትንና የሚያከማቹበትን ቦታ ያረጋግጡ።

አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ሲሰጥ አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት 4 ያህል ስለሚሰጥ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ማገዶ ይዘው ወጪውን ያስሉ። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ በመሆኑ፣ እሳቱ ጉልበቱን ያንን ውኃ በማትነን ያባክናል፤ ጭስ ማውጫውንም በጥቀርሻ ይደፍነዋል። እንጨቱ በበጋ ተፈልጦ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጣሪያ ሥር ተደርድሮ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መውረድ አለበት።

ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ የጭስ ማውጫውን ቁመትና ስፋት ለዚህ ከፍታ እንዲያሰላልዎ ይጠይቁ። ዝቅ ብላ ለምትገኘው ለኮምቦልቻ የተሰላው እዚህ ላይበቃ ይችላል።

ማገዶውን በራሱ የሚመግበው ዓይነት መብራት ሲጠፋ ስለሚቆም፣ እኔ በእጅ የሚጨመርበትን እመርጣለሁ። የእንጨት እሳት ግን እንደ ናፍጣ በአንዴ አይጠፋምና፣ የውኃ ፓምፑ ድንገት ቢቆም ግፊቱን የሚያስተነፍስ የደኅንነት ቫልቭ ሳይገጠም ፈጽሞ አያስነሡት። ቦይለሩንም ከመኝታ ክፍሎቹ ለይተው አየር በሚገባበት ቤት ያስቀምጡ፤ ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ የተኛ እንግዳ ይገድላል።