ታጉ ገጹ ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ሲታይ

ጥያቄ፦ የጽሑፎቻችንን ማኅደር የምናስቀምጠው በኤክስኤምኤል ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ጽሑፍ ሐተታ ከነኤችቲኤምኤል ታጎቹ በሲዳታ ክፍል (ታጎቹ እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲነበቡ በታጠረ ቦታ) ውስጥ ይገኛል። በኤክስኤስኤልቲ (ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ ቅርጽ በሚቀይረው ቋንቋ) በተጻፈ ስታይልሺት ወደ ድረ ገጽ ስቀይረው ታጎቹ ራሳቸው ለአንባቢ ይታያሉ። ጽሑፉን በሚያወጣው ትእዛዝ፣ በ‹ቫልዩ-ኦፍ› ላይ ‹ዲሴብል-አውትፑት-ኤስኬፒንግ› የሚለውን አትሪቢውት ‹የስ› ብዬ ብጨምር ሰርቨሩ ላይ ተስተካከለ፤ ያው ስታይልሺት በፋየርፎክስ ሲከፈት ግን ችግሩ እንዳለ ነው። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ የአጻጻፍ ስህተት አልሠሩም፤ የተማመኑበት አትሪቢውት ግን ሁልጊዜ የሚታዘዝ አይደለም። ሲዳታ የሚያገለግለው ፋይሉን ለሚያነበው ፓርሰር ብቻ ስለሆነ፣ ስታይልሺቱ ሥራውን ሲጀምር ክፍሉ ፈርሶ አንድ የጽሑፍ ኖድ (በሰነዱ ዛፍ ላይ ያለ አንድ ቁራጭ) ብቻ ይቀራል። ስለዚህ እርስዎ የአንቀጽ ታግ የሚሉት ስታይልሺቱን ለሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ለፕሮሰሰሩ፣ ሦስት ተራ ፊደላት ናቸው። ፕሮሰሰሩ በመጀመሪያ የውጤቱን ዛፍ ይገነባል፤ ዛፉ በጽሑፍ መልክ ወደ ፋይል የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የ‹ያንሳል› ምልክትና አምፐርሳንድ ታግ እንዳይመስሉ ወደ ኢንቲቲ (ምልክቱን ወደሚወክል ኮድ) የሚቀየሩትም በዚህ በሁለተኛው ደረጃ ነው። አትሪቢውቱ ‹ይህን እንዳለ ጻፈው› ብሎ የሚያሳስበው ይህንኑ ጸሐፊ ክፍል ነው። ፋየርፎክስ ግን ዛፉን ሳይጽፍ በቀጥታ ወደ ማሳያው ስለሚያሳልፈው ማሳሰቢያውን የሚሰማ የለም። ውጤቱን በዛፍነቱ ለሌላ ስታይልሺት ቢያቀብሉትም ያው ይገጥምዎታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው የኤክስኤስኤልቲ ደንብ ራሱ ፕሮሰሰሮች ይህን የመደገፍ ግዴታ እንደሌለባቸው ይገልጻል፤ በ2007 የወጣው 2.0 ደግሞ አሠራሩን ጊዜ ያለፈበት ብሎ መድቦታል።

እኔ የምመርጠው ችግሩን ከምንጩ መፍታት ነው፤ ሲዳታውን አንስተው ታጎቹን እውነተኛ ኤለመንቶች ያድርጓቸው፤ ከዚያም በ‹ቫልዩ-ኦፍ› ፈንታ ኤለመንቶችን እንዳሉ የሚቀዳውን ‹ኮፒ-ኦፍ› ይጠቀሙ። ለዚህ ግን እያንዳንዱ ታግ በሥርዓቱ የተዘጋ መሆን አለበት። ምንጩን መንካት ካልቻሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደቀውን 3.0 የሚደግፍ ፕሮሰሰር ሰርቨሩ ላይ ያስገቡና ጽሑፉን ‹ፓርስ-ኤክስኤምኤል-ፍራግመንት› በተባለው ፈንክሽን ወደ ኖዶች ይለውጡት። ብራውዘሮች ውስጥ ያለው ኤክስኤስኤልቲ 1.0 ስለሆነ ይህን እዚያ አይሞክሩት። የተመረጡ ምልክቶችን በሌላ ጽሑፍ የሚተካውን ‹ካራክተር-ማፕ›ን የሚመክሩ ይኖራሉ፤ እርሱም የሚሠራው ውጤቱ ሲጻፍ ስለሆነ ለፋየርፎክስ አይበጅዎትም።

ሐተታው ከውጭ ሰዎች የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ያ አትሪቢውት ሰርቨሩ ላይ መሥራቱ ራሱ ሊያሳስብዎት ይገባል፤ አንድ ሰው የደበቀውን ስክሪፕት ሳይቀር እንዳለ ያሳልፋልና። ‹ኮፒ-ኦፍ›ም ቢሆን ያገኘውን ሁሉ ስለሚቀዳ ከዚህ አያድንም። እንዲህ ሲሆን ለሚፈቅዷቸው ኤለመንቶች፣ ለምሳሌ ለአንቀጽ፣ ለአጽንዖትና ለሊንክ፣ ለየብቻ ቴምፕሌት (ኤለመንቱ እንዴት እንደሚወጣ የሚወስን ደንብ) ጽፈው የቀሩትን ይጣሏቸው፤ የሊንኩ አድራሻም በ‹ጃቫስክሪፕት› እንደማይጀምር ቴምፕሌቱ ውስጥ ያረጋግጡ።