ተዝካሯን ካላወጣሁላት የእናቴ ነፍስ አታርፍም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ ነኝ። እናቴ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆናት። እኛን ብቻ አይደለም ያሳደገችው፤ እኔ ስሰደድ ሴት ልጄንም ተቀብላ እስካሁን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ጾሟን፣ ጸሎቷን፣ የማርያም ማኅበሯን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ለቀብሯ አልደረስኩም። አሁን ወንድሜ «አርባዋ እየደረሰ ነው፣ በሬ መጣል አለበት፣ ድንኳን መተከል አለበት፣ ብር ላኪ» ይለኛል። ያለኝን ለለቅሶው ልኬ ጨርሻለሁ። የሚያበድረኝ ሰው አለ፤ ግን በወለድ ነው። ሰሞኑን ደግሞ በሕልሜ እየመጣች ዝም ብላ ታየኛለች። ጓደኞቼ «ተዝካሯን እየጠየቀችሽ ነው» አሉኝ። ካላወጣሁላት ነፍሷ አታርፍም ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልሽ።

መልሱን አላስረዝምብሽም። በወለድ እንዳትበደሪ። የእናትሽ ዕረፍት በበሬ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም።

ስለ ፍትሐቱ፣ ስለ ሣልስቱና ስለ አርባው ሥርዓት አላስረዳሽም፤ በእሳቸው ቤት ያደግሽ ልጅ ታውቂዋለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ከጥያቄሽ ጀርባ ያለው ፍርሃት ነው። ብዙ ሰው ይዞት ይመጣል። ድግሱ ከቀረ ወይም ካነሰ፣ ሟቹ የታክሲ ሒሳብ እንዳልከፈለ ተሳፋሪ መንገድ ላይ የሚወርድ ይመስላቸዋል።

ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብላ አላስተማረችም። ላረፉት ጸልዩ፣ ቅዳሴ አስቀድሱላቸው፣ በስማቸው ለድሃ ስጡ ነው ያለችው። «ለሞተ ሰው ጸሎት ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። ጌታ «ሁሉ ለእርሱ ሕያዋን ናቸው» ብሏል (ሉቃ. 20፥38)። ጸሎቱ አይቅር። ምጽዋቱም አይቅር። ለጎረቤት ዐይን ተብሎ የሚጣለው በሬ ግን ቢቀር ማንም አይጎዳም።

ተዝካር ራሱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ነዳያን በልተው «ነፍስ ይማር» ብለው የሚሄዱበት ማዕድ መልካም ማዕድ ነው። ያስቸገረን ሌላ ነው። ነዳያኑ ከአጥር ውጭ ትራፊ እየጠበቁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ባለመኪናው ብልት ሲያማርጥ በዐይኔ አይቻለሁ። ጌታ ግብዣ ስታደርግ ድሆችን ጥራ አለ፤ ብድር የሚመልሱበት የላቸውምና (ሉቃ. 14፥13-14)። እኛ የምንጠራው ግን ነገ የሚጠራንን ነው። ይሄ ዕቁብ እንጂ ምጽዋት አይደለም።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ሞኒካ የምትባል የሰሜን አፍሪካ እናት ነበረች፣ ኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው የአውግስጢኖስ እናት። ልጇ ከሃይማኖት ርቆ ሲባዝን ለዓመታት ያለቀሰችለት እሷ ናት። በአገሯ ልማድ ወደ ሰማዕታት መታሰቢያ ገንፎ፣ እንጀራና ወይን ይዞ መሄድ ነበር። ልጇን ተከትላ ጣሊያን፣ ሚላኖ ገባች። እዚያም እንደ ለመደችው ይዛ ብትሄድ በር ጠባቂው ከለከላት። እንዲከለከል ያዘዘው የከተማው ጳጳስ አምብሮስዮስ ነበር። ለሰካራሞች ምክንያት እንዳይሆን፣ የአሕዛብንም የሙታን ግብር እንዳይመስል ብሎ ነው። ሞኒካ ምን አደረገች? «የእናት የአባቴን ወግ አልተውም» ብላ አልተጣላችም። ቅርጫቷን ትታ በጸሎት የተሞላ ልብ ይዛ መሄድ ጀመረች። እህሉን ለድሆች ሰጠች። እኛ ዘንድ ዛሬ አንድ ካህን እንዲህ ብሎ በር ላይ ቢቆም ምን እንደሚባል አስቢው።

ኋላም በ387፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወደ አገሯ ልትሻገር ስትል ኦስትያ በሚባል ወደብ ታመመች። ድሮ ከባሏ ጎን ለመቀበር ቦታ አዘጋጅታ ነበር። በመጨረሻ ግን ልጆቿን፣ ሥጋዬን የትም ቅበሩት፣ ስለሱ አትጨነቁ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፣ የትም ብትሆኑ በጌታ መሠዊያ ፊት አስቡኝ አለቻቸው። ድግስ አልጠየቀችም። «የትም ብትሆኑ» ማለቷን ልብ በይ። አንቺም ዐረብ አገር ሆነሽ ልታደርጊው የምትችይው ነገር ነው።

ሕልሙን በተመለከተ፣ ለእናቱ ቀብር ያልደረሰ ልጅ እናቱን በሕልሙ ባያይ ነው የሚገርመኝ። መጽሐፈ ሲራክ ሕልምን የሚከተል ሰው ጥላ እንደሚጨብጥ፣ ነፋስ እንደሚያባርር ነው ይላል። ደግሞ አንቺው እንዳልሽው እናትሽ ዝም ነው ያሉት። የጠየቁሽ ጓደኞችሽ ናቸው። ያላለቀሽው ለቅሶ ነው እንቅልፍ የሚነሳሽ፤ አልቅሺ። ጌታም በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል። ጳውሎስም ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ አለ እንጂ ጨርሶ አትዘኑ አላለም (1ኛ ተሰ. 4፥13)።

አሁን ወደ ልጅሽ ልመለስ። በጥያቄሽ ውስጥ ጠቅሰሻት አለፍሽ እንጂ እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ እሷ ናት። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ይህ ያለ ግብዝነት የሆነ እምነትህ አስቀድሞ በአያትህ በሎይድ፣ በእናትህም በኤውንቄ ነበረ ይለዋል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ሎይድ ጉባኤ ዘርግታ ያስተማረች አይደለችም። አያት ናት። በዚህ በአንድ ጥቅስ እንጂ በሌላ ቦታ በስም አናገኛትም። ግን የሐዋርያው ደቀ መዝሙር ከእሷ ቤት ወጣ። እናትሽም ለልጅሽ እንዲሁ አድርገውላታል። ጠዋት ከእንቅልፏ ቀስቅሰው «አባታችን ሆይ» ያስባሏት፣ ነጠላ አስለብሰው እጇን ይዘው ደጀ ሰላም ያደረሷት እሳቸው ናቸው። አሁን ያ እጅ የለም። ማን ሊይዛት ነው? በአርባው ቀን በሬ ስለመጣሉ ሁሉም ይጨነቃል። ስለዚህች ልጅ የጠየቀሽ ሰው አለ?

ስለዚህ ስልክ በደወልሽ ቁጥር አንድ ነገር አብራችሁ ጸልዩ። አያቷ ያስተማሯትን እሷ ትምራሽ፤ አንቺ ተከተያት። ትኮራበታለች።

የእናትሽን የክርስትና ስም ካላወቅሽው ንስሐ አባታቸውን አስጠይቂ። በምትኖሪበት ከተማ ካህን ካለ ስሙን ስጪው፤ በቅዳሴ ያስባቸዋል። አሠሪዎችሽ ከቤት የማያስወጡሽ ከሆነ በማደሪያሽ ቆመሽ ስሙን እየጠራሽ ጸልዪ። ለአርባቸው የምትችይውን ትንሽ ብር ላኪ። በእሱ ቅዳሴ ይቀደስ፣ ፍትሐት ይደረግ፣ በደጀ ሰላሙ ላሉት ነዳያን ዳቦና ንፍሮ ይቅረብ። ሙሉ ተዝካር ነው፤ የጎደለው ነገር የለም። የማርያም ማኅበሩንም እኅት ካለሽ እሷ፣ ከሌለሽ የወንድምሽ ሚስት ትተካቸው። በልጅ መተካት የቆየ ወግ ነው፤ ማኅበርተኞቹም ደስ ይላቸዋል።

ወንድምሽን አትቆጪው። ድንኳን ሳይተክል ቢቀር በየቀኑ የሰፈሩን ሰው ፊት የሚያየው እሱ ነው፤ አንቺ ሩቅ ነሽ። ይህን መልስ አንብቢለት። ከከበደው ንስሐ አባታችሁ እቤት መጥተው ለዘመዱ ሁሉ እንዲናገሩለት ይጠይቃቸው። ሰው ከእሱ የማይቀበለውን ከሳቸው ይቀበላል።