መጽሐፍህን ለተማሪ ሽጠው

«ዘንድሮ ደሴ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ እመረቃለሁ፤ መጻሕፍቴን ለመጻሕፍት ቤት ልሽጥ ወይስ ለተማሪ?» ላልከው፦

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። እኔ ብሆን ለተማሪ ነው የምሸጠው። ነጋዴው የሚገዛህ መልሶ ሊሸጥ ስለሆነ ትርፉን ካንተው ዋጋ ላይ ይቆርጣል። አልፈርድበትም፣ ሥራው ነው።

እኔ ስመረቅ አራት መጽሐፍ በፌስታል አንጠልጥዬ ፒያሳ ሄድኩ። ሰውዬው አገላበጠ። በእስክሪብቶ ያሰመርኩበትን አየ፣ ጀርባው የተላቀቀውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሦስቱን መለሰልኝ። የፌስታሉ እጀታ መንገድ ላይ ተበጠሰ!

ዋናው ነገር እትሙ ነው። የካልኩለስ መጽሐፍ ቢያረጅም ፈላጊ አያጣም፤ ከእትም እትም በብዛት የሚለዋወጠው የመልመጃው ቁጥር ነው። የታክስ መጽሐፍህ ግን ከ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በፊት የታተመ ከሆነ ማንም አይነካልህም።

የኢንጂነሪንግ መጽሐፍ ካለህ ደሴ ላይ አትልፋ። ተማሪዎቹ ያሉት ኮምቦልቻ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ነው። ከመሄድህ በፊት ሽፋኑንና የእትሙን ገጽ ፎቶ አንስተህ የተማሪዎች ቴሌግራም ላይ ልቀቀው።

ምረቃ ሰሞን ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋ ይወርዳል። ታናሽ ጓደኛ ካለህ እሱ ጋ አስቀምጠህ ፍሬሽ ሲገባ ይሽጥልህ።

የላይብረሪ ማኅተም ያለበት ከተገኘ ደግሞ ቶሎ መልስ። ክሊራንስ ስታስፈርም ጉድ ይሠራሃል።