ልጄ ቁጥር ይላል፣ እኔ ፍቅር እላለሁ

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። 15 ዓመት የሆነው ልጅ አለኝ፣ እዚሁ የተወለደ፣ እኔ ኳስ ላስለምደው ስል እሱ ቤዝቦል ይዞ ቀረ። ልምምድ ሳመላልሰው ለኔም ትንሽ ትንሽ ገባኝ፣ ቢያንስ መቼ እንደሚጨበጨብ አውቄያለሁ። አሁን ግን ቤታችን ጭቅጭቅ ሆኗል። የትምህርት ቤታቸው ኮች ከሁለት ልጆች አንዱን ቋሚ ማድረግ ነበረበት። አንደኛው አቬሬጁ (ዱላ ይዞ ከቆመው ውስጥ የተሳካለት ማለት ነው) .281 ነው፣ ግን ፊቱ አይፈታም፣ ጓደኛው ሲሳሳት ጓንቱን መሬት ላይ ይወረውራል። ሌላኛው .211 ነው፣ ግን ልጆቹ ሁሉ ይወዱታል፣ ሲሸነፉ መኪና ውስጥ የሚያስቃቸው እሱ ነው። ሁለቱም 57 57 ጊዜ ነው ለመምታት የቆሙት ይላል ልጄ። ኮቹ የሚያስቀውን አሰለፈ። ልጄ ነደደ፣ "ኬሚስትሪ የሚባል ነገር የለም አባዬ፣ ቁጥሩን እይ" እያለ (ኬሚስትሪ የሚለው የቡድን መዋደድን ነው) ስልኩን አፍንጫዬ ስር ያመጣዋል። እኔ ደግሞ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነው ያደግኩት። ደግሞስ የ2019ኙን የዋሽንግተን ናሽናልስ በአይኔ አላየሁም እንዴ? ያ የልጆች የሻርክ ዘፈን ሲዘፈን ስታዲየሙ በሙሉ እጁን እንደ አሳ አፍ እየከፈተ እየዘጋ፣ እነሱም ዋንጫውን በሉ። ያ ፍቅር ካልሆነ ምንድን ነው? ልጄ ደግሞ ይህንን ጨምርልኝ ብሏል፦ "ኬሚስትሪ ካለ የ70ዎቹ ኦክላንድ ኤይስ እርስ በርስ እየተደባደቡ እንዴት 3 ዓመት በተከታታይ አሸነፉ?"

የልጁ ሾፌር ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መጀመሪያ ለልጅዎ ልመልስ፣ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እውነቱን ነው፣ ኦክላንድ በ1972፣ በ1973 እና በ1974 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ዎርልድ ሲሪስ የሚባለውን የትልቁን ሊግ ዋንጫ በልተዋል፣ መልበሻ ክፍላቸው ግን የጠብ ቤት ነበር። በ1974 ጁን ላይ ዲትሮይት ሄደው ሬጂ ጃክሰንና ቢሊ ኖርዝ ተናነቁ፣ ካቸራቸው (ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚይዘው) ሬይ ፎሲ ሊገላግል ገብቶ አንገቱን ተጎዳና ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቀ፣ ያው እንደኛ አገር ገላጋይ፣ የተረፈው ዱላ እሱ ላይ። እና በዚያው ዓመት ዋንጫው የነሱ ሆነ።

ይሄ በኳስ ቢሆን ይከብዳል። በኳስ አጥቂው ጎበዝ ነው ብንል እንኳን አማካዩ ካኮረፈው ኳስ አይደርሰውም፣ 90 ደቂቃ ሲሮጥ ውሎ ይገባል። ቤዝቦል ላይ ግን መቺው ዱላውን ይዞ ሲቆም ብቻውን ነው፣ ፒቸሩ ከ18 ሜትር ገደማ ርቀት ይወረውርበታል፣ በሰዓት 95 ማይል የሚመጣ ኳስ ግማሽ ሰከንድ እንኳን ሳይሞላ ይደርሳል፣ በዚያች ቅጽበት ከኋላው የተቀመጡት ጓደኞቹ ቢወዱት ቢጠሉት ኳሷ አታውቅም። ለዚህ ነው ከሌሎቹ የቡድን ስፖርቶች ሁሉ ይበልጥ ቤዝቦል ለቁጥር የሚመቸው፣ የእያንዳንዱን ሰው ስራ ለይተህ መቁጠር ትችላለህ። ድሩ ቢያብርም ባያብርም አንበሳውን የሚያስረው በየተራ እየመጣ አንድ ክር ነው።

አሁን ወደ እርስዎ። እኔም ያን ሰሞን እጄን ከፍቼ ዘግቼ ጨፍሬያለሁ፣ አልክድም። ግን ረጋ ብለን እንየው። ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ነበር፣ ሰው ሁሉ አሰልጣኙ ይባረር እያለ ነበር። ዘፈኑን ያመጣው ሄራርዶ ፓራ ከሳን ፍራንሲስኮ ተሰናብቶ ሜይ ላይ ነው የመጣው፣ ከመጣም በኋላ ወዲያው ማሸነፍ አልጀመሩም። ጁን ላይ ዱላው ደርቆበት ትንሿ ልጁ የምትወደውን ዘፈን መግቢያው አደረገው፣ ከዚያ ነገሩ ተቀጣጠለ። ከቀሩት 112 ጨዋታዎች 74 አሸነፉ፣ በዎርልድ ሲሪሱም ሂውስተንን በ7 ጨዋታ ረቱ፣ የሚገርመው ደግሞ 7ቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። ታሪኩ እንዲህ ሲነገር ዘፈኑ ያሸነፈ ይመስላል። ግን ትሬይ ተርነር የዓመቱ መጀመሪያ ላይ ጣቱ ተሰብሮ ከወር በላይ ቁጭ ብሎ ነበር እኮ፣ ሬንዶንና ሶቶም በየተራ ተጎድተው ነበር፣ ሁሉም ተመለሱ። ሬንዶን ያን ዓመት .319 መታ፣ በዱላው 126 ነጥብ አስገባ፣ በነጥቡ በሊጉ አንደኛ። 7ኛው ጨዋታ ላይ በ36 ዓመቱ ሀዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የቀኙን ምሰሶ ደውል ስታደርገው (ሆም ራን ናት፣ መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ የሚገባባት) ያየ ሰው፣ ያቺን ኳስ ጭፈራ ወሰዳት ሊል አይችልም፣ ዱላ ነው የወሰዳት። ሰው ሲያሸንፍ ይዋደዳል፣ ይጨፍራል፣ ከዚያ ስለተዋደድን አሸነፍን ይላል። ስንት ተዋዶ የተሸነፈ ቡድን አለ፣ እሱን የሚጽፍ የለም።

ግን ልጅዎ ይህንን አንብቦ "አላልኩህም?" ብሎ ከመነሳቱ በፊት ወንበሩ ላይ ይቆይልኝ፣ እሱም አንድ ነገር ረስቷል። ቁጥር ማለት እስከዛሬ መቁጠር የቻልነው ነገር ማለት ነው እንጂ ያለው ነገር ሁሉ ማለት አይደለም። ድሮ አንድ ካቸር ዱላው ደካማ ሆኖ ግን ፒቸሮች ሁሉ ከሱ ጋር መጫወት ሲፈልጉ "ይግባባል፣ ያረጋጋቸዋል" ነበር የሚባለው፣ ቁጥር ወዳዶቹ ይስቁ ነበር። በኋላ ካሜራው የእያንዳንዱን ኳስ መንገድ መመዝገብ ሲጀምር ምን ታየ መሰላችሁ፣ ካቸሩ ከመስመሩ በትንሽ ጣት ዝቅ ብላ የመጣችን ኳስ ሲይዝ ጓንቱን ለስለስ አድርጎ ወደ ላይ ያመጣታል፣ ዳኛው ስትራይክ ይላል፣ ማለትም ለፒቸሩ ይቆጠራል። በዓመት ብዙ ኳስ እንዲህ ሲሆን ጨዋታ ያሸንፋል። ሆዜ ሞሊናን ታምፓ ቤይ የወሰደው ለዱላው አይደለም፣ ለዚች እጁ ነው። ፍሬሚንግ ይሉታል። ትናንት ኬሚስትሪ የተባለው ዛሬ ዓምድ ተሰጥቶት ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። ዛሬ የሚሳቅበትስ ነገ አይገባም ያለው ማን ነው?

የ2016ቱን የቺካጎ ከብስ ዴቪድ ሮስንም ይመልከቱ። 39 ዓመቱ፣ አቬሬጁ .229፣ ተቀያሪ ካቸር። ጆን ሌስተር የሚባለው ፒቸራቸው ወደ አንደኛ ቤዝ ኳስ መወርወር ያስጨንቀው ነበር፣ ትልቅ ሰው፣ ሚሊየነር፣ እጁ እምቢ ይለዋል፣ እና ቤዝ የሚሰርቁትን (ኳስ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ የሚሮጡትን) በእጁም በአይኑም የሚጠብቅለት ሮስ ነበር፣ ሌስተር ሲጫወት እሱ ነው የሚገባው። ይሄ ፍቅር ነው ወይስ ስራ? እኔ ሁለቱን መለየት አልችልም። ግን ልብ ይበሉ፣ ሮስ የሌላ ኮከብ ቦታ ነጥቆ አይደለም፣ ተቀያሪ ነው። ፓራም እንደዚያው። የኔ አቋም ይሄ ነው፣ ትልቁ ሊግ ላይ ቋሚ ዘጠኙን በቁጥር ምረጥ፣ ኩርፊያም ቢሆን ይሁን፣ ከዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡትን ስትመርጥ ልዩነታቸው ስለሚጠብ ሰው የሚያስቀውን ውሰድ።

ወደ ኮቹ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ለሁለታችሁም ያልታያችሁ። .281 እና .211 በወረቀት ሲታይ የሰማይና የምድር ይመስላል አይደል? 57 ጊዜ ለመምታት ከቆሙ ግን አንደኛው 16 ጊዜ ነው የተሳካለት፣ ሌላኛው 12። ልዩነቱ 4 ኳስ ነው በቃ። አንዷ ድንጋይ ላይ ነጥራ፣ አንዷን ተከላካዩ ጸሀይ አይኑ ገብቶበት ስቷት፣ ሁለቷ መስመር ላይ አርፈው ሊሆን ይችላል። ትልቁ ሊግ ላይ አንድ ሰው በዓመት 600 ጊዜ ገደማ ዱላ ይይዛል፣ እዚያ ቁጥር አፍ አለው። 57 ላይ ግን ቁጥሩ ገና ይንተባተባል፣ ስለዚህ ኮቹ በየቀኑ ልምምድ ላይ የሚያየው ነገር ከዚያ አቬሬጅ ሊበልጥ ይችላል። በ15 ዓመት ደግሞ ጓንት የሚወረውር ልጅ አጠገብ ቆሞ ሲሳሳት የሚሳቀቅ ልጅ ኳስ ወደሱ እንዳትመጣ ነው የሚጸልየው፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ እንደዚያ ስጸልይ ነበር፣ በኳስ ነው፣ ግን ያው ነው።

ሌላው፣ ልጅዎ የቁጥር ሰው ከሆነ አቬሬጅ ይዞ መምጣቱን አልወደድኩለትም። አቬሬጅ ዎክን አይቆጥርም እኮ፣ መቺው 4 መጥፎ ኳስ ሳይነካ አሳልፎ በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ የሚሄደውን ማለቴ ነው። ያው ኦክላንድ በ2002 ተጫዋች በሚመርጠው አለቃቸው በቢሊ ቢን ጊዜ ገንዘብ ሳይኖራቸው 103 ጨዋታ ያሸነፉት፣ 20 በተከታታይ ጭምር፣ አንዱ ምክንያት ሌሎች ያልቆጠሩትን ይሄንን መቁጠራቸው ነው። ስኮት ሃተበርግ የሚባል ክንዱን ተጎድቶ ካቸር መሆን ያቃተውን ሰው አንስተው አንደኛ ቤዝ ላይ አቆሙት፣ ኳስ ይመርጣላ፣ ዎክ ያገኛላ። 20ኛዋንም ድል በሆም ራን የዘጋት እሱ ነው። እና የሚያስቀው ልጅ ስንት ዎክ አግኝቷል? የሚያኮርፈውስ? ይቁጠርና ይጻፍልን።

በነገራችን ላይ ጋሼ፣ የሁለቱን ልጆች ቁጥር እስከ ሶስት አሃዝ ጽፈውልናል፣ የራሱ የልጅዎ አቬሬጅ ግን ደብዳቤው ላይ የለም።